ምሥጢረ ቀንዲል በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን

ምሥጢረ ቀንዲል (የሕሙማን ቅብዓት፣ ቀድሞ የመጨረሻ ቅብዓት) በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው። በከባድ ሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት ሕይወቱ አደጋ ላይ መውደቅ ለጀመረ ምእመን በካህን እጅ ይሰጣል። ካህኑ እጁን በበሽተኛው ራስ ላይ ይጭናል፣ ይጸልያል፣ ከዚያም በተባረከ ዘይት ግንባሩንና እጆቹን ይቀባል። ከምሥጢረ ንስሐ ጋር «የፈውስ ምሥጢራት» ከሚባሉት ሁለቱ አንዱ ነው።

ምሥጢሩ በአብዛኛው ሕዝብ ዘንድ ለሟች ብቻ የሚሰጥ ሆኖ ይታያል። ይህ አመለካከት የመጣው በመካከለኛው ዘመን ከተደረገ ለውጥ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (1962–1965) ወዲህ ቤተ ክርስቲያኒቱ ምሥጢሩ የሕሙማን እንጂ የሙታን አለመሆኑን በይፋ ታስተምራለች። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስያሜ

«ቀንዲል» የሚለው ቃል መብራት ወይም ፋኖስ ማለት ነው። ወደ ግዕዝና አማርኛ የገባው ከዓረብኛ ሲሆን፣ የዓረብኛው ቃል ደግሞ በግሪክኛ በኩል ሻማ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ምሥጢሩ ይህን ስም ያገኘው በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ዘይቱ የሚባረከው መብራት እየበራበት ስለሆነ ነው። በላቲን ሥርዓት መብራቱ የሥርዓቱ ክፍል አይደለም፤ ሆኖም በኢትዮጵያ ስያሜው በካቶሊካውያንም ዘንድ የተለመደ ነው።

በምዕራቡ ዓለም ከ12ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የነበረው ስም «የመጨረሻ ቅብዓት» የሚል ትርጉም አለው። አንዳንድ ሊቃውንት ስሙን ሲያስረዱ፣ አንድ ክርስቲያን በሕይወቱ ከሚቀበላቸው ቅብዓቶች (በጥምቀት፣ በሜሮን፣ በክህነት) በቅደም ተከተል የመጨረሻው ስለሆነ ነው ይላሉ። ሕዝቡ ግን «በሞት አፋፍ የሚሰጥ» ብሎ ተረዳው፤ አሠራሩም ይህንኑ ትርጉም አጸና። በ1963 የወጣው የቫቲካን ጉባኤ የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ «የሕሙማን ቅብዓት» የሚለው ስም የበለጠ ተገቢ መሆኑን ገልጿል።

የመጽሐፍ ቅዱስ መሠረት

የካቶሊክ ትምህርት ለምሥጢሩ በዋናነት የሚጠቅሰው የያዕቆብ መልእክትን ምዕራፍ 5 ቁጥር 14 እና 15 ነው። በዚያ ክፍል ሐዋርያው የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች እንዲጠራ፣ እነርሱም በጌታ ስም ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ያዝዛል። የእምነት ጸሎት በሽተኛውን እንደሚያድን፣ ጌታም እንደሚያስነሣው፣ ኃጢአት ሠርቶ እንደሆነም እንደሚሰረይለት ይናገራል። «ሽማግሌዎች» ለሚለው የቆመው የግሪክኛ ቃል ኋላ «ቀሳውስት» የሚል ትርጉም የያዘው ነው።

በዚህ ክፍል ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛ፣ ካህናቱን የሚጠራው በሽተኛው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ገና ለመናገር የሚችል ሰው ነው። ሁለተኛ፣ «ማዳን» እና «ማስነሣት» የሚሉት ቃላት ሥጋንም ነፍስንም ሊመለከቱ ይችላሉ። ሦስተኛ፣ የኃጢአት ሥርየት ከፈውሱ ጋር ተያይዞ ተጠቅሷል። በምሥጢሩ ታሪክ ውስጥ የተነሡት ክርክሮች ሁሉ ማለት ይቻላል ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

በተጨማሪም የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ቁጥር 13 ሐዋርያት ብዙ ሕሙማንን ዘይት እየቀቡ እንደፈወሱ ይተርካል። የትሬንት ጉባኤ ምሥጢሩ በማርቆስ ወንጌል እንደተጠቆመ፣ በያዕቆብ መልእክት ደግሞ ለምእመናን እንደታወጀ አስተምሯል።

ታሪክ

የመጀመሪያዎቹ ምዕተ ዓመታት

ከጥንታዊቷ ቤተ ክርስቲያን የተረፉት ማስረጃዎች በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ ዘይቱ ቡራኬ ነው። በሮማዊው ሂጶሊጦስ ስም በሚታወቀው የሐዋርያት ትውፊት መጽሐፍ ውስጥ ለሚቀምሱትና ለሚቀቡት ብርታትና ጤና እንዲሆን በዘይት ላይ የሚደረግ ጸሎት ይገኛል። የግብጹ የትሙይስ ጳጳስ የሰራጵዮን የጸሎት መጽሐፍም (4ኛው ምዕተ ዓመት) ለሕሙማን ዘይት የሚሆን ረዘም ያለ ጸሎት ይዟል።

ከሁሉም በላይ የሚጠቀሰው ማስረጃ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖቼንሶስ 1ኛ በ416 በኢጣሊያ ለጉቢዮው ጳጳስ ለዴቸንሲዮስ የጻፉት ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የያዕቆብን ቃል ለታመሙ ምእመናን የተነገረ አድርጎ ይተረጉመዋል። ዘይቱን የሚያዘጋጀው ጳጳሱ ነው ይላል፤ ካህናት ብቻ ሳይሆኑ ክርስቲያኖች ሁሉ ለራሳቸውም ሆነ ለቤተሰባቸው በችግር ጊዜ ሊጠቀሙበት እንደሚችሉም ይገልጻል። በንስሐ ቅጣት ላይ ላሉት ግን አይሰጥም፤ ምክንያቱም ከምሥጢራት ወገን ነው።

በ6ኛው ምዕተ ዓመት በደቡባዊ ጎል (በዛሬዋ ፈረንሳይ) የአርል ጳጳስ የነበሩት ቄሳርዮስ ምእመናን ሲታመሙ ወደ ጠንቋይና ወደ ክታብ ጸሐፊ ከመሄድ ወደ ቤተ ክርስቲያን መጥተው ቅዱስ ቁርባን እንዲቀበሉና በተባረከው ዘይት እንዲቀቡ በስብከታቸው ይመክሩ ነበር። ከዚህ እንደሚታየው በዚያ ዘመን ቅብዓቱ የበሽታ ጊዜ መድኃኒት እንጂ የሞት ጊዜ ምልክት አልነበረም።

ከሕሙማን ወደ ሟቾች

ለውጡ የመጣው በ8ኛውና በ9ኛው ምዕተ ዓመት፣ በካሮሊንጋውያን ነገሥታት ዘመን በተደረገው የቤተ ክርስቲያን ተሐድሶ ወቅት ነው። ሁለት ምክንያቶች ተደማምረዋል።

የመጀመሪያው፣ ቅብዓቱ ለካህናት ብቻ የተወሰነ መሆኑ ነው። ምእመናን ዘይቱን ወደ ቤታቸው ወስደው የመጠቀማቸው ልማድ እየቀረ ሄደ፤ ካህኑ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ የሚፈጽመው የተሟላ ሥርዓትም ተዘጋጀ።

ሁለተኛው፣ ቅብዓቱ ከንስሐ ጋር መቆራኘቱ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ይፋዊ ንስሐ በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸምና ከባድ ግዴታዎችን የሚያስከትል ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰዎች እስከ ሞት አልጋ ያዘገዩት ነበር። ቅብዓቱ ንስሐ ላልፈጸመ ስለማይሰጥ አብሮ ዘገየ። በሕዝብ ዘንድም ፍርሃት ተስፋፋ፤ ቅብዓቱን ተቀብሎ የዳነ ሰው ከዚያ በኋላ በባዶ እግሩ መሄድ ወይም ከትዳር ጓደኛው ጋር መገናኘት አይችልም የሚል እምነት በአንዳንድ አገሮች ነበር። ቤተ ክርስቲያን ይህን ብታወግዝም ምሥጢሩን ለማዘግየት ተጨማሪ ሰበብ ሆነ።

በ12ኛው ምዕተ ዓመት ጴጥሮስ ሎምባርዶስ ሰባቱን ምሥጢራት በዘረዘረበት ሥራው ምሥጢሩን የመጨረሻ ቅብዓት ብሎ ጠርቶታል። በአሠራሩም ቅደም ተከተሉ ተቀየረ፦ ቀድሞ ኑዛዜ፣ ቅብዓት፣ ከዚያም ቅዱስ ቁርባን የነበረው፣ ቅብዓቱ ከቁርባን በኋላ መጨረሻ ላይ እንዲሆን ተደረገ። የፍሎረንስ ጉባኤ በ1439 ለአርመናውያን ባወጣው ድንጋጌ ምሥጢሩ ሊሞት ይችላል ተብሎ ለሚፈራለት በሽተኛ ብቻ እንደሚሰጥ ወሰነ፤ የሚቀቡትንም ክፍሎች ዓይን፣ ጆሮ፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ እጅ፣ እግርና ወገብ ብሎ ዘረዘረ።

የትሬንት ጉባኤ

በ16ኛው ምዕተ ዓመት የተሐድሶ መሪዎች ምሥጢሩን ተቃወሙ። ማርቲን ሉተር በ1520 ባሳተመው ስለ ምሥጢራት በሚናገር መጽሐፉ፣ የያዕቆብ መልእክት ስለ መዳን የሚናገረውን ቃል ለሟች ብቻ ወደሚሰጥ ሥርዓት መለወጥ ከራሱ ከመልእክቱ ጋር የሚጋጭ መሆኑን ተከራከረ። ዣን ካልቫን ደግሞ ዘይቱ በሐዋርያት ዘመን ከነበረው የፈውስ ስጦታ ጋር አብሮ የቀረ ነው ብሎ አስተማረ።

የትሬንት ጉባኤ ኅዳር 25 ቀን 1551 ባደረገው 14ኛ ስብሰባ መልስ ሰጠ። ምሥጢሩ በክርስቶስ የተመሠረተ እውነተኛ ምሥጢር መሆኑን፣ ጸጋ እንደሚሰጥ፣ ኃጢአትን እንደሚያስተሰርይ፣ አገልጋዩም ካህን ብቻ መሆኑን በአራት ቀኖናዎች አጸና። ስለ ተቀባዩ ግን የጉባኤው ቃል ከረቂቁ ይለያል። ረቂቁ ምሥጢሩ ለሚሞቱ «ብቻ» ይሰጣል የሚል ሲሆን፣ አባቶች ቃሉን «በተለይ» ወደሚል ቀየሩት። ይህ ትንሽ የሚመስል ለውጥ ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ ለተደረገው ተሐድሶ በሩን ክፍት አድርጎ ተወው። በተግባር ግን በ1614 የወጣው የሮማ ሥርዓተ ጸሎት መጽሐፍም ሆነ የ1917ቱ ሕገ ቀኖና ምሥጢሩን ከሞት አደጋ ጋር እንዳያያዙት ቀጠሉ። በ1917ቱ ሕግ መሠረት በሽተኛው ካላገገመና እንደገና አደጋ ላይ ካልወደቀ በስተቀር በአንድ ሕመም ውስጥ ምሥጢሩ አይደገምም ነበር።

የ20ኛው ምዕተ ዓመት ተሐድሶ

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1963 ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ ቁጥር 73 ላይ፣ ምሥጢሩ በሞት አፋፍ ላሉ ብቻ የሚሰጥ እንዳልሆነ ገለጸ። ምእመኑ በበሽታ ወይም በእርጅና ምክንያት በሞት አደጋ ላይ መሆን ሲጀምር ምሥጢሩን የሚቀበልበት ተገቢ ጊዜ በእርግጥ ደርሷል አለ። እዚህ ላይ «መሆን ሲጀምር» የሚለው አነጋገር ቁልፍ ነው። የተሐድሶው ዋና ነገር ጊዜውን ከመጨረሻው ሰዓት ወደ አደጋው መጀመሪያ መመለስ ነበር።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ኅዳር 30 ቀን 1972 በፈረሙት ሐዋርያዊ ድንጋጌ አዲሱን ሥርዓት አጸደቁ። ዋና ዋናዎቹ ለውጦች የሚከተሉት ናቸው።

• የሚቀቡት የሰውነት ክፍሎች ወደ ግንባርና እጆች ተቀነሱ።
• የቀድሞው ጸሎት በየስሜት ሕዋሱ የተሠራውን ኃጢአት ይቅር እንዲባል ብቻ የሚለምን ነበር፤ አዲሱ ከያዕቆብ መልእክት በመነሣት የመንፈስ ቅዱስን ጸጋ፣ ሥርየትን፣ መዳንንና መነሣትን አንድ ላይ ይለምናል።
• የወይራ ዘይት በማይገኝበት ከሌላ ተክል የተጨመቀ ዘይት እንዲያገለግል ተፈቀደ።
• በሽተኛው አገግሞ እንደገና ሲታመም፣ ወይም በዚያው ሕመም ሁኔታው ሲባባስ ምሥጢሩ እንዲደገም ተፈቀደ።

ተቀባዩ

በ1983 የወጣው የላቲን ቤተ ክርስቲያን ሕገ ቀኖና (ከቀኖና 998 እስከ 1007) እና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ እንደሚሉት ምሥጢሩን የሚቀበለው የተጠመቀ፣ ለአቅመ ማስተዋል የደረሰ፣ በሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት አደጋ ላይ መሆን የጀመረ ምእመን ነው። ለምሳሌ፦

• ከባድ በሽታ የያዘው ሰው፣ ምንም እንኳ የመዳን ተስፋው ሰፊ ቢሆን፤
• በከባድ ሕመም ምክንያት ቀዶ ሕክምና ሊደረግለት የተዘጋጀ ሰው፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት፤
• ሌላ ከባድ በሽታ ባይኖርበትም አቅሙ በግልጽ የደከመ አረጋዊ፤
• ነገር መለየት የሚችል የታመመ ልጅ፤
• ራሱን የሳተ በሽተኛ፣ በጤናው ጊዜ ምሥጢሩን በግልጽ ወይም በተዘዋዋሪ ይፈልግ ነበር ተብሎ የሚታመን ከሆነ።

በአንጻሩ ለቀላል ሕመም አይሰጥም። ከበሽታ ወይም ከእርጅና ሳይሆን ከውጭ በሚመጣ አደጋ ፊት ለቆመ ጤነኛም አይሰጥም፤ ለምሳሌ ወደ ጦርነት የሚዘምት ወታደር ወይም የሞት ፍርድ የሚጠብቅ እስረኛ ንስሐና ቁርባን ይቀበላል እንጂ ቅብዓት አይቀበልም። በግልጽ በሚታይ ከባድ ኃጢአት በእልከኝነት ለሚጸና ሰውም ሕጉ ይከለክላል።

ለሞተ ሰው ምሥጢሩ አይሰጥም። ካህኑ ሲደርስ ሰውየው አርፎ ከሆነ ካህኑ ለነፍሱ ይጸልያል እንጂ አይቀባውም። መሞቱ አጠራጣሪ ከሆነ ግን ቀኖና 1005 ምሥጢሩ እንዲሰጥ ያዝዛል። በሽታው ከባድ ስለ መሆኑ ወይም በሽተኛው ለአቅመ ማስተዋል ስለ መድረሱ ጥርጣሬ ሲኖርም እንዲሁ ነው። በአጠቃላይ ሕጉ ጥርጣሬን ለበሽተኛው ጥቅም ይተረጉማል።

ቀኖና 1001 ለእረኞችና ለበሽተኛው ዘመዶች ግዴታ ይጥላል፦ ሕሙማን በተገቢው ጊዜ የምሥጢሩን መጽናናት እንዲያገኙ መከታተል አለባቸው። ካህኑን መጥራት እንግዲህ የቆሞሱ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብም ኃላፊነት ነው።

አገልጋዩ

ምሥጢሩን መስጠት የሚችለው ካህን፣ ማለትም ጳጳስ ወይም ቄስ፣ ብቻ ነው። ዲያቆንም ሆነ ምእመን ሊሰጠው አይችልም። በቫቲካን የእምነት ትምህርት ማኅበር በየካቲት 2005 ባወጣው ማስታወሻ ይህን በድጋሚ አረጋግጧል። ምክንያቱ የኃጢአት ሥርየት ከምሥጢሩ ፍሬዎች አንዱ መሆኑ ነው። ዲያቆናትና የተፈቀደላቸው ምእመናን ግን ለበሽተኛ ቅዱስ ቁርባን ሊያደርሱና አብረውት ሊጸልዩ ይችላሉ።

ከመቅደስ ወይም ከንግደት ስፍራ የሚመጣ የተባረከ ዘይት ምእመናን በቤታቸው በእምነት ሊቀቡት ይችላሉ፤ ይህ ግን ቡራኬ እንጂ ምሥጢር አይደለም። በኢትዮጵያ ጠበልና ቅብዓ ቅዱስ በሰፊው በሚሠራባቸው አካባቢዎች ይህ ልዩነት በተለይ መታወቅ ያለበት ነው።

ዘይቱ

በላቲን ሥርዓት የሕሙማንን ዘይት የሚባርከው ጳጳሱ ነው። ቡራኬው የሚፈጸመው በጸሎተ ሐሙስ ወይም ከዚያ በፊት ባለ ቅርብ ቀን በካቴድራል በሚቀርበው የሜሮን ቅዳሴ ሲሆን፣ በዚያ ዕለት ሦስት ዘይቶች ይዘጋጃሉ፦ ለሚጠመቁ ንዑሰ ክርስቲያን የሚሆን ዘይት፣ የሕሙማን ዘይትና ሜሮን። ከዚያም ለየቁምስናው ይከፋፈላሉ። በአስቸኳይ ጊዜ ማንኛውም ካህን ዘይቱን ሊባርክ ይችላል፤ ነገር ግን በምሥጢሩ ሥርዓት ውስጥ ብቻ። ካህን ለአስቸኳይ ጥሪ እንዲሆነው የተባረከ ዘይት ይዞ መጓዝ ይፈቀድለታል።

ሥርዓቱ

ምሥጢሩ በቤት፣ በሆስፒታል ወይም በቤተ ክርስቲያን፣ ለአንድ ሰው ወይም ለብዙ ሕሙማን በአንድነት ሊፈጸም ይችላል። የተለመደው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

1. ካህኑ ሰላምታ ይሰጣል፤ በሽተኛውንና ክፍሉን በተባረከ ውኃ ሊረጭ ይችላል።
2. በሽተኛው መናዘዝ ከፈለገ ሌሎች ወጣ ይሉና ይናዘዛል፤ ካልሆነ የጋራ የንስሐ ጸሎት ይደረጋል።
3. ከመጽሐፍ ቅዱስ ይነበባል፣ አጭር ምልጃም ይከተላል።
4. ካህኑ በዝምታ እጁን በበሽተኛው ራስ ላይ ይጭናል።
5. በዘይቱ ላይ የምስጋና ጸሎት ያደርሳል፤ ዘይቱ ካልተባረከ ይባርከዋል።
6. ግንባሩን ከዚያም እጆቹን እየቀባ የምሥጢሩን ቃል በሁለት ከፍሎ ይናገራል፤ በሽተኛውና በቦታው ያሉት «አሜን» ይላሉ።
7. እንደ በሽተኛው ሁኔታ የተመረጠ ጸሎት ይደርሳል፤ «አባታችን ሆይ» በአንድነት ይጸለያል።
8. የሚቻል ከሆነ ቅዱስ ቁርባን ይሰጣል፤ በቡራኬም ይፈጸማል።

ለምሥጢሩ መጽናት የግድ የሚያስፈልጉት ቅባቱና ቃሉ ናቸው። ጊዜ ከሌለ በግንባር ላይ ወይም በሌላ በሚቻል የሰውነት ክፍል ላይ አንድ ቅባት ይበቃል። ካህኑ በራሱ እጅ መቀባት አለበት፤ ከባድ ምክንያት ሲኖር ግን፣ እንደ ተላላፊ በሽታ ባለ ሁኔታ፣ በመሣሪያ (ለምሳሌ በጥጥ) መቀባት ይፈቀድለታል።

የምሥጢሩ ፍሬዎች

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ የምሥጢሩን ፍሬዎች እንደሚከተለው ይዘረዝራል።

• ብርታት፣ ሰላምና ወኔ። ከባድ በሽታ ሰውን ለተስፋ መቁረጥና ለጭንቀት ያጋልጠዋል፤ የመጀመሪያው ጸጋ ይህን ለመቋቋም የሚሰጥ የመንፈስ ቅዱስ ስጦታ ነው።
• ከክርስቶስ ሕማማት ጋር አንድነት። የበሽተኛው ሥቃይ በክርስቶስ የማዳን ሥራ ተካፋይ ሆኖ ትርጉም ያገኛል፤ ይህም ለቤተ ክርስቲያን ሁሉ ጥቅም ይሆናል።
• የኃጢአት ሥርየት፣ በሽተኛው በኑዛዜ ሊያገኘው ካልቻለ።
• ለነፍስ መዳን የሚጠቅም ከሆነ የሥጋ ጤና።
• ወደ ዘለዓለም ሕይወት ለመሻገር ዝግጅት።

ቅብዓቱ የሥጋ ፈውስን እንደ ዋስትና አይሰጥም፤ ሕክምናንም አይተካም። የሥርዓቱ መጽሐፍ መግቢያ ሰው ከበሽታ ጋር መታገልና ጤናን በትጋት መፈለግ እንዳለበት ይናገራል፤ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችንም የዚሁ አገልግሎት ተካፋዮች አድርጎ ያያቸዋል።

ቅብዓትና ስንቅ

የሚሞት ክርስቲያን የመጨረሻ ምሥጢር ቅብዓት ሳይሆን ቅዱስ ቁርባን ነው። በሞት አደጋ ላይ የሚሰጠው ቁርባን በላቲን «የመንገድ ስንቅ» የሚል ትርጉም ባለው ቃል ይጠራል፤ ከዚህ ዓለም ወደ አብ ለሚደረገው ጉዞ የሚያዝ ስንቅ ማለት ነው። በዕለቱ የቆረበ ሰው እንኳ አደጋ ላይ ከወደቀ በድጋሚ እንዲቆርብ ሕጉ አጥብቆ ይመክራል።

ጊዜው አጭር ሲሆን ኑዛዜ፣ ቅብዓትና ስንቅ በአንድ ተከታታይ ሥርዓት ይሰጣሉ። ሦስቱን ለመስጠት ጊዜ ከሌለ በመጀመሪያ ኑዛዜ፣ ቀጥሎ ስንቅ ይሰጣል፤ ቅብዓቱ ጊዜ ካለ ይከተላል። በሽተኛው መዋጥ ካልቻለ ግን ቅብዓቱ ይቀድማል።

የዘገየ ጥሪ

በብዙ አገሮች ቤተሰብ ካህን ለመጥራት የሚያመነታው በሽተኛው «ቄስ መጣ፣ እንግዲህ አበቃልኝ» ብሎ እንዳይደነግጥ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በየካቲት 26 ቀን 2014 የረቡዕ ትምህርታቸው ይህንኑ አንሥተው፣ ከካህኑ በኋላ የቀብር አስፈጻሚዎች ይመጣሉ የሚለው አስተሳሰብ እውነት አለመሆኑን ተናግረዋል።

የመዘግየቱ ጉዳት ግልጽ ነው። በሽተኛው ራሱን ከሳተ በኋላ የተጠራ ካህን ሊቀባው ይችላል፤ ኑዛዜውን ግን ሊሰማ አይችልም፣ ስንቁንም ብዙውን ጊዜ ሊሰጠው አይችልም። በሽተኛው በጸሎቱ አይሳተፍም፣ «አሜን» አይልም። በያዕቆብ መልእክት ካህናትን የሚጠራው በሽተኛው ራሱ መሆኑ እዚህ ላይ ትርጉም አለው። ልማዱን ለመለወጥ ብዙ አህጉረ ስብከት ቅብዓቱን በቤተ ክርስቲያን ለአረጋውያንና ለሕሙማን በአንድነት ይሰጣሉ፤ ብዙ ጊዜም ይህ የሚሆነው ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1992 በመሠረቱት፣ በየዓመቱ የካቲት 11 በሚከበረው የዓለም የሕሙማን ቀን ነው።

በ2020 የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝ በተስፋፋበት ጊዜ ብዙ ሕሙማን ካህን ሊገባበት በማይችል ክፍል ሞተዋል። በቫቲካን የንስሐ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት መጋቢት 20 ቀን 2020 ባወጣው ድንጋጌ፣ ቅብዓትና ስንቅ ማግኘት ላልቻሉ ሟቾች ተገቢ ዝግጅት ካላቸው ኢንደልጀንስ የሚባለውን ሙሉ የኃጢአት ቅጣት ሥርየት ሰጥቷል።

በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትና በኢትዮጵያ

በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ምሥጢሩ የሞት ጊዜ ብቻ ምሥጢር ሆኖ አያውቅም። በቢዛንታይን ትውፊት የተሟላው ሥርዓት በሰባት ካህናት፣ በሰባት ንባብና በሰባት ቅባት ይፈጸማል። በግብጽ የኮፕት ቤተ ክርስቲያን ሰባት ክር ያለው መብራት እየተለኮሰ ይጸለያል፤ ከሕማማት ሳምንት በፊት ባለው ዓርብም ለምእመናን ሁሉ የጋራ የቀንዲል ጸሎት ይደረጋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ምሥጢረ ቀንዲልን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አድርጋ ትቆጥራለች፤ ሥርዓቱ የሚገኘው መጽሐፈ ቀንዲል በተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ነው።

የኢትዮጵያ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሥርዓቶችን ይዛለች። በ1961 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ሜትሮፖሊታን መንበር የእስክንድርያ (ግዕዝ) ሥርዓትን የሚከተል ሲሆን፣ በ1990 በወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ይተዳደራል። በደቡብና በምዕራብ ያሉት ሐዋርያዊ ቪካሪያቶች ግን የላቲንን ሥርዓት ይከተላሉ። በቀንዲል ረገድ በሁለቱ ሕጎች መካከል ካሉት ልዩነቶች ዋናው ስለ ዘይቱ ነው። በምሥራቁ ሕግ ዘይቱን በመደበኛነት የሚባርከው ምሥጢሩን የሚሰጠው ካህን ራሱ ነው (ቀኖና 741)። ብዙ ካህናት በአንድነት የመስጠት ልማድ ባለበትም ልማዱ በተቻለ መጠን እንዲጠበቅ ሕጉ ያዝዛል (ቀኖና 737)።

የካቶሊክ ሕግ የኦርቶዶክስ ምእመናን በራሳቸው ፈቃድ ከጠየቁና ተገቢ ዝግጅት ካላቸው ከካቶሊክ ካህን ንስሐን፣ ቁርባንንና ቀንዲልን እንዲቀበሉ ይፈቅዳል። ሌሎች ክርስቲያኖች በሞት አደጋ ላይ ሆነው የራሳቸውን አገልጋይ ማግኘት ካልቻሉ፣ በፈቃዳቸው ከጠየቁና ስለ ምሥጢሩ የካቶሊክን እምነት ከገለጹ ሊሰጣቸው ይችላል። ይህ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የራሷ ሕግ ነው፤ የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ ጉዳይ የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው።

በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት

አብዛኞቹ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ቅብዓቱን ምሥጢር ብለው አይቆጥሩትም፤ ለሕሙማን መጸለይንና እንዳንዶቹም ዘይት መቀባትን ግን ይፈጽማሉ። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የ1549ኙ የጸሎት መጽሐፍ የሕሙማን ቅብዓት ነበረው፤ በ1552ቱ እትም ወጣ፤ በ20ኛው ምዕተ ዓመት በብዙ የአንግሊካን አብያተ ክርስቲያናት ተመልሷል። የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት የያዕቆብን መልእክት መሠረት አድርገው ለፈውስ በዘይት ይቀባሉ።

በሥነ ጥበብ

ምሥጢሩ በምዕራቡ ሥዕል የታወቀ ርዕስ ነው። ሮጂየር ፋን ደር ዌይደን በ15ኛው ምዕተ ዓመት በሳለው፣ ዛሬ በአንትወርፕ በሚገኘው የሰባቱ ምሥጢራት የመንበር ሥዕል ላይ ካህኑ በአልጋ ላይ ያለውን በሽተኛ ሲቀባ ይታያል። ፈረንሳዊው ኒኮላ ፑሰን በ17ኛው ምዕተ ዓመት ሰባቱን ምሥጢራት ሁለት ጊዜ ሥሏል፤ የመጀመሪያው ዙር የቀንዲል ሥዕል በእንግሊዝ ካምብሪጅ በሚገኘው የፊትዝዊሊያም ሙዚየም ይገኛል። በእነዚህ ሥዕሎች ተቀባዩ ሁልጊዜ ሊሞት የተቃረበ ነው፤ ሥዕሎቹ በተሳሉበት ዘመን ምሥጢሩ እንዴት ይታይ እንደነበረ ያሳያሉ።